ሎጎ ሐይቅ፦ የእሳት አፍ ወይስ የሰመጠ ምድር?

ስለ ደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ በ13ኛው መቶ ዓመት በአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን የትምህርትና የመጻሕፍት ማኅደር ስለ መሆኑ፣ ሊቃውንት አምልተው ስለ ጻፉ የምንጨምረው የለም። ሙግታችን ገዳሙ ስላለበት በወሎ ስለሚገኘው ስለ ሎጎ ሐይቅ አፈጣጠር ነው፤ አንዳንድ ጸሐፍት ክብነቱንና 88 ሜትር የሚደርሰውን ጥልቀቱን ብቻ ተመልክተው፣ ከቢሾፍቱ ሐይቆችና ከወንጪ ጋር ከእሳተ ገሞራ አፎች ተራ ቆጥረውታልና።

ጥልቀት ግን የእሳት ምስክር አይደለም፤ ከ1400 ሜትር በላይ የሚጠልቀው ታንጋኒካ የተፈጠረው ምድር ተሰንጥቃ በመስመጧ ነው። የእሳት አፍ ብዙ ጊዜ በከንፈሩ ታጥሮ ለብቻው ሲቀመጥ፣ ሎጎ ሐይቅ ግን በስተደቡብ ምሥራቅ ከፍ ብሎ ከተኛው ከአርዲቦ ሐይቅ ውሃ ይቀበላል። ከአምባሰል ከፍታ ቁልቁል የሚመለከት ሰው፣ ደጋው በአንድ ገደል ወደ አፋር ከመውደቅ ይልቅ በእርከን ሰምጦ፣ በምሥራቅ ያለው ተረተር ውሃውን እንደ ግድብ ሲያግደው ያያል። በደቡብ የቦርከና ሸለቆ፣ በሰሜን የአሸንጌ ሐይቅ፣ በዚሁ የደጋው ጠርዝ ላይ የተሰለፉ የስምጥ ጓዳዎች ናቸው።

ከሁሉ የተናቀው ምስክር ግን የአገሬው ትውፊት ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር በልዕልት ተበድላ፣ በእግዚአብሔር ቁጣ እርሷ ከተቀመጠችበት ስፍራ በቀር ዙሪያው ሁሉ ውሃ ሆነ፣ ያ ስፍራም የገዳሙ ደሴት ሆነ ይባላል። የሰዶምን እሳትና ዲን ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚሰማ ሕዝብ፣ ስለ መለኮታዊ ቁጣ ሲተርክ እሳትን አንድም ጊዜ አለመጥራቱ በከንቱ አይደለም። ደሴቱም ተረት እንዳይባል፣ እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ በአገራችን የነበረው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ገዳሙ በደሴት ላይ እንደ ነበር መስክሯል፤ ዛሬ ውሃው ሸሽቶ ስፍራው ልሳነ ምድር ሆኗል።

ዙሪያው ያለው ዓለት ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ ነገር ግን የወሎ ደጋ በሞላው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ ባዛልት የተነጠፈ ስለ ሆነ፣ በዚህ ሚዛን ወሎ ሁሉ የእሳት አፍ መባሉ ነው። ትውፊት ምግባርን ለማስተማር እንጂ ምድርን ለመለካት አልተነገረም ለሚሉም፣ ሁለቱን አብሮ መያዝ የሚከለክለው የለም ብለን እናልፋለን።

የመጨረሻውን ቃል የሐይቁን ወለል ለሚመረምሩ ብንተወውም፣ እስከዚያው ድረስ የትምህርት መጻሕፍት ሐይቅን ከወንጪ ተራ አውጥተው ከአሸንጌ ጎን ሊመድቡት ይገባል።