ከጋዜጣ ቤት የወጣ እርሳስ

ሰኔ 24 ቀን 1970 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ጁላይ 1 ቀን 1978። ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ። በኒው ዮርክ፣ ማንሃተን፣ 43ኛው መንገድ ላይ፣ በኒው ዮርክ ታይምስ ሕንፃ ውስጥ ላይኖታይፕ የሚባሉት መኪኖች ለመጨረሻ ጊዜ ይንኳኳሉ። ከዚህች ሌሊት በኋላ ቦታውን የሚረከበው ኮምፒዩተር ነው።

መኪናውን ላላያችሁት ልንገራችሁ። ሠራተኛው 90 ቁልፍ ካለው ገበታ ፊት ይቀመጣል። አንዱን ሲጫን አንዲት የናስ ቅርጽ ከላይ ወርዳ ትሰለፋለች። ሰልፉ አንድ መስመር ሲሞላ መኪናው ራሱ የቀለጠ እርሳስ ይገፋበትና አንድ ሙሉ የጋዜጣ መስመር በአንድ ቁራጭ ላይ ተጥሎ፣ ገና እየፋጀ ይወጣል። በእኛ አገር ፊደል ለቃሚው እያንዳንዷን ሆሄ ከየሳጥኗ በጣቱ እያነሳ ይደረድር በነበረበት ዘመን፣ እዚያ መኪናው መስመር ይወልድ ነበር። የፈለሰፈው ኦትማር መርገንታለር ይባላል፤ ከጀርመን የተሰደደ፣ ሰዓት ሠሪነት የተማረ ሰው። በ1886 እ.ኤ.አ. በጁላይ ወር በኒው ዮርክ ትሪቢዩን ጋዜጣ ሥራ አስጀመረው። እንግዲህ እስከዚች ሌሊት 92 ዓመት መሆኑ ነው።

መኪናውን ለሙዚየም እንተወውና እርሳሱን እንከተል።

ንጹሕ እርሳስ ለፊደል አይሆንም፤ በጥፍር ይጫራል፣ ከማተሚያው ጫና በታች ይጨፈለቃል። ስለዚህ ለላይኖታይፕ 84 እጅ እርሳስ፣ 12 እጅ አንቲመኒ፣ 4 እጅ ቆርቆሮ ያዋህዱ ነበር። አንቲመኒው ያጠነክረዋል፤ ቆርቆሮው ደግሞ እንደ ልብ እንዲፈስና የፊደሉን ጥግ ሁሉ እንዲሞላ ያደርገዋል። ይህ ቅይጥ ሲረጋ ይሰፋል የሚል ወሬ በየማተሚያ ቤቱ አለ። አይሰፋም፤ ከንጹሕ እርሳስ ያነሰ ይሸበሸባል እንጂ። ትልቁ ምስጢር ግን ሌላ ነው። ንጹሕ እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፣ አንቲመኒ በ630፣ ቆርቆሮ በ232። ሦስቱ በዚህ ልክ ሲገናኙ ግን በ240 ገደማ አንድ ላይ ይቀልጣሉ፤ ሲቀዘቅዙም እዚያው ላይ አንድ ላይ ይረጋሉ። ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

ጋዜጣው ታትሞ ሲያልቅ መስመሮቹ ወደ ማቅለጫው ድስት ይመለሳሉ። ትናንት የሴናተር ንግግር የነበረው ዛሬ የቤዝቦል ውጤት ይሆናል። በቀለጠ ቁጥር አናቱ ላይ ገፈት ይወጣል፤ ገፈቱ ሲጠረግ ቆርቆሮና አንቲመኒ አብሮ ይጠረጋል። ማተሚያ ቤቶቹ ይህን ስለሚያውቁ ናሙና እየቆረጡ ወደ ብረት አቅራቢዎቻቸው ላቦራቶሪ ይልኩ፣ የጎደለውን በሚተካ ቅይጥ ይሞሉ ነበር። የላከ ላከ፤ ያልላከ በደከመ እርሳስ እየሠራ ቆየ።

ያች ሌሊት አለፈች። ሌሎች ጋዜጦችም እንዲሁ አንድ በአንድ እርሳስን ተሰናበቱ። የትልልቆቹ ማተሚያ ቤቶች ብረት ወደ ቁርጥራጭ ነጋዴ ሄደ። ከዚያም ግማሹ የዓሣ መንጠቆ ማስጠሚያ ሆነ፣ ግማሹ ጥይት፤ የቀረው በየጓዳው ተቀመጠ።

አሁን እንበልና ኒው ጀርሲ ውስጥ አንድ ሰው አለ። በእጅ ማተም የሚወድ፣ አሮጌ ላይኖታይፕ ከውድቀት ያተረፈ። ከቁርጥራጭ ነጋዴ ጓሮ እንደ አሞሌ ጨው የተደረደረ ጥፍጥፍ አገኘ። ሁሉም ግራጫ፣ ሁሉም ከባድ። ነጋዴው «ሁሉም የማተሚያ ነው» ይላል። ይማልበታል እንኳ።

ሰውዬው መልኩን አይቶ ምን ያውቃል? የማተሚያ ቤት ጥፍጥፍ ረጅም ነው፤ ጫፉ ላይ ከመኪናው ድስት በላይ የሚንጠለጠልበት ቀዳዳ አለው። የዚህ ምስክርነት ግን መልሶ የሚያቀልጠው እስኪመጣ ድረስ ነው። ጓሮው ውስጥ ያለው በኬክ መጋገሪያ ተደፍቶ የረጋ ነውና ከቅርጹ ምንም አይገኝም።

ሁለት ጥፍጥፎች አንስቶ እርስ በርስ መታቸው። አንደኛው ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ፣ ሌላው ድፍን አለ። የሚጮኸው ጠንካራ ነው። ከዚያ ከድሮ የውሃ ቧንቧ የተቆረጠ፣ ንጹሕነቱ የታወቀ እርሳስ አመጣና በእሱና በማያውቀው መካከል አንዲት የኩሽኔታ ብይ አስገብቶ በሞርሳ አጠበቀ። ብይዋ ሁለቱንም በእኩል ጉልበት ትገፋለች፤ ለስላሳው ላይ ሰፊ ጉድጓድ፣ ጠንካራው ላይ ጠባብ ትተዋለች። በብሪኔል የጥንካሬ መለኪያ ንጹሕ እርሳስ ከ4 እስከ 5 ነው፣ የላይኖታይፕ ቅይጥ 22 ገደማ። ብልሃቱ ርካሽ ነው፤ አይዋሽም።

ቀጥሎ ሚዛን። በ3ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት የሲራኩሱ አርኪሜዲስ የንጉሡን ዘውድ በውሃ መረመረ ይባላል፤ ታሪኩን የጻፈው ሮማዊው ቪትሩቪየስ ነው። ሰውዬውም 2 ኪሎ ቁራጭ በክር አንጠልጥሎ ውሃ ውስጥ መዘነ። ንጹሕ እርሳስ ቢሆን 176 ግራም ይቀልለው ነበር፤ የላይኖታይፕ ቢሆን 194 ገደማ። ልዩነቱ 18 ግራም ብቻ ነው፤ በውስጡ የተደበቀ የአየር ኪስ ሊያጠፋው ይችላል። ደግሞም 18 በመቶ ቆርቆሮ ብቻ የገባበት እርሳስ ያንኑ 194 ይሰጣል። በዚህ ጊዜ ነው የብይዋ ምስክርነት የሚያስፈልገው፤ ቆርቆሮ ብቻውን እንደ አንቲመኒ አያጠነክርምና።

ዚንክ የሚባል ጠላትም አለ። የጋዜጣ ፎቶ በዚንክ ሳህን ላይ ይቀረጽ ስለነበር በስህተት ድስት ውስጥ የሚገባበት ጊዜ ነበር። ዛሬ ደግሞ በጎማ ባላንስ ይመጣል፤ አውሮፓ በ2005፣ ካሊፎርኒያ በ2010 እ.ኤ.አ. የእርሳስ ባላንስ ከከለከሉ ወዲህ በየጎሚስታው ባልዲ የዚንኩና የእርሳሱ ተደባልቆ ይገኛል። ከመቶ አንድ እጅ የማይሞላ ዚንክ ድስቱን ገንፎ ያስመስለዋል፤ ፊደል አይሞላም። መድኃኒቱ አስቀድሞ ማወቅ ነው፦ አዲስ በሞረድ በተሞረደ ገጽ ላይ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብታ። ዚንክ ከሆነ ይንቸፈቸፋል፣ እርሳስ ዝም ይላል። የመኪና ባትሪ ግን አይሞከርም። ከባትሪ እርሳስ የወጣው ገፈት እርጥበት ሲያገኝ አርሲንና ስቲቢን የሚባሉ ገዳይ ጋዞች ሊያወጣ ይችላል። ያንን ለፋብሪካ መተው ነው።

ነጋዴው ሽጉጥ መሳይ የኤክስሬይ መመርመሪያ አለው። ደገነ፣ ጠቅ አደረገ፣ ቁጥር አወጣ። መሣሪያው ጥሩ ነው፤ የሚያየው ግን ቆዳውን ብቻ ነው። ዝገትና ቀለም ላይ ከደገኑት የዝገቱን ነገር ይነግራችኋል። ለእኔ ከእሱ ይልቅ ቴርሞሜትር ይበልጥብኛል።

ሰውዬው በር ከፍቶ፣ ጓንትና መነጽር አድርጎ፣ ጭልፋው እርጥብ አለመሆኑን ፈትሾ (አንድ ጠብታ ውሃ የቀለጠውን እርሳስ ፊት ላይ ይረጨዋል) ከእያንዳንዱ ጥፍጥፍ ጥቂት አቀለጠ። እሳቱን አጠፋና ቴርሞሜትሩን ነክሮ ይመለከት ጀመር። የመጀመሪያው ወረደ፣ ወረደ፣ 327 ላይ ቆመ። እስኪረጋ ድረስ ንቅንቅ አላለም፦ ንጹሕ እርሳስ፣ የጣሪያ ወይም የቧንቧ። ነጋዴው የማለበት «የማተሚያ» ይሄ ነው! ሁለተኛው 327ን እንዳላየ አልፎ 183 ላይ ቆመ። ያ የመበየጃ ነው፣ እርሳስና ቆርቆሮ ብቻ። ሦስተኛው 250 አካባቢ ሲደርስ መውረዱ ዘገየ፤ ከዚያ እየጎተተ 240 ላይ ቆመ። የላይኖታይፕ ነው፣ ግን ደክሟል፤ እርሳሱ ቀድሞ መርጋት መጀመሩ ቅይጡ እንደጎደለ ይናገራል። ነጋዴውም የተሞረደውን ገጽ በሽጉጡ መርምሮ ቆርቆሮ 3፣ አንቲመኒ 11 አለ። ተስማሙ።

በየጥፍጥፉ ላይ በፖንሶ ቁጥሩ ተመታ፦ 327፣ 183፣ 240። 327ቱ ዓሣ ለሚያጠምደው ጎረቤት ሄደ። የ183ቱን ግን ሰውዬው አልሸጠውም። ከግማሹ በላይ ቆርቆሮ ነውና፣ በ10 ኪሎ የደከመ ቅይጥ ላይ 180 ግራም ገደማ ቢጨመር ቆርቆሮውን ወደ 4 ይመልሰዋል። አንቲመኒውን ደግሞ ከተሰበሩ የእጅ ፊደላት አገኘ፤ እነሱ ከላይኖታይፕ ይልቅ አንቲመኒ የበዛባቸው ናቸው። ድስቱን አማሰለ፣ ገፈቱን ጠረገ፣ እንደገና ቴርሞሜትሩን ነከረ። ቁጥሩ ያለ ምንም መዘግየት ወርዶ 240 ላይ ቆመ፤ ሰውዬውም መኪናውን አሟቀ።