አንድ ሰዓት በሐምቡርግ ወደብ ላይ

ወደ አንድ የወደብ ከተማ በእንግድነት የሄደ ሰው፥ ቤተ መዘክሩንና አደባባዩን ከማየቱ አስቀድሞ ወደ ውሃው ዳር መውረዱ የተለመደ ነው። በጀርመን አገር በኤልብ ወንዝ ላይ፥ ከሰሜን ባሕር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብታ የምትገኘው ሐምቡርግም እንግዶቿን የምትቀበለው በዚሁ ሥርዓት ነው። ሳንክት ፓውሊ ከሚባለው ሰፈር ግርጌ ካለው ረጅም ተንሳፋፊ መሳፈሪያ፥ «ባርካሴ» የሚባሉት ጣሪያቸው ዝቅ ያለ ጀልባዎች መንገደኛ እየጫኑ ይነሣሉ። ጉዞው አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። መሪውን የጨበጠው ሰው ራሱ የድምፅ ማጉያ ይዞ በግራና በቀኝ የሚታየውን ሁሉ እየጠቀሰ ይተርካል፤ ቀልድም ጣል ያደርጋል።

የሐምቡርግ ሕዝብ ለዚህ ተራኪ ያወጣለት ስም አለው፤ «ሄ ሉኽት» ይለዋል። በአካባቢው የቆየ የታችኛው ጀርመንኛ ቋንቋ «ይዋሻል» ማለት ነው። እንደሚነገረው ከሆነ፥ ወደቡን በትከሻው የሚያውቀው ጫኝና አውራጅ፥ ጀልባዋ በአጠገቡ ባለፈች ቁጥር ወደ ተሳፋሪዎቹ የሚወረውረው ቃል ነበረ። ዛሬ ስሙ የማዕረግ ያህል ሆኖ፥ ተራኪዎቹ ራሳቸው በኩራት ይጠሩበታል። ተራኪው የመርከቡን ርዝመት በጥቂት ሜትር ቢጨምር፥ የመርከበኛውንም ጀብዱ ቢያሰፋ የሚጎዳው ሰው የለም። ሊመረመር የሚገባው፥ አንዳች ሳይዋሽ ዝም ብሎ የሚያልፈው ነው።

በነገራችን ላይ፥ ከተማይቱ ራሷ ስለ ወደቧ ልደት የምትናገረው ቃል ከዚህ ቀልድ የራቀ አይደለም። ሐምቡርግ በየዓመቱ በግንቦት መባቻ የወደቧን ልደት በታላቅ በዓል ታከብራለች። የበዓሉ መሠረት ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ባርባሮሳ በሜይ 7 ቀን 1189 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለኮንት አዶልፍ 3ኛ ሰጠው የሚባለው ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው የሐምቡርግ መርከቦች ከከተማይቱ እስከ ባሕር ድረስ በኤልብ ላይ ቀረጥ ሳይከፍሉ እንዲመላለሱ ይፈቅዳል። ይሁን እንጂ ሊቃውንት ሰነዱን በመረመሩት ጊዜ፥ እስከ ዛሬ የቆየው ጽሑፍ በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ፥ የከተማይቱን መብት ለማስከበር ሲባል አስመስለው የጻፉት ሆኖ ተገኝቷል። የሐምቡርግ ሰዎች ይህን አይሸሽጉም፤ እያወቁ ያከብሩታል። ቀረጥ አለመክፈል የዚያች ከተማ ጥንታዊ ሃይማኖቷ ነበርና፥ ቀጥሎ የሚነገረውም ታሪክ የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

ጀልባዋ ከመሳፈሪያው ስትለቅ ተራኪው አስቀድሞ የሚያሳየው የመሳፈሪያውን ሕንፃ ነው። በዚህ ስፍራ የመጀመሪያው መሳፈሪያ በ1839 ሲሠራ ከከተማው ወጣ እንዲል የተደረገው፥ የእንፋሎት መርከብ ከሚያነደው ከሰል የተነሣ እሳት እንዳይዛመት ስለ ተፈራ ነው። ከሕንፃው አጠገብ ጣሪያው እንደ ጉልላት የሆነው ቤት ደግሞ በ1911 ተመርቆ የተከፈተው፥ 426 ሜትር ርዝመት ያለው፥ በወንዙ ሥር የሚያልፈው ዋሻ መግቢያ ነው። በየማለዳው በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች በዚያ እየወረዱ በማዶ ወዳሉት የመርከብ ሥራ ቦታዎች ይሻገሩ ነበር። ጀልባዋ ከዚህ ወደ ምሥራቅ ታቀናለች። ጥቂት ቆይታም ሁሉም የሚጠብቀው ስፍራ ትደርሳለች፤ ይኸውም ሽፓይኸርሽታት፥ የመጋዘኖች ከተማ የሚባለው ነው።

እዚህ ሲደረስ ተሳፋሪው ሁሉ ዝም ይላል። ዝም ቢልም አይፈረድበትም። ከቀይ ሸክላ የተሠሩ ባለ ብዙ ፎቅ መጋዘኖች ከውሃው ውስጥ በቀጥታ ተነሥተው በጠባቡ ቦይ ግራና ቀኝ እንደ ገደል ቆመዋል፤ ርዝመታቸው አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ጣሪያቸው ሾጣጣ፥ ግንባራቸው በጎቲክ ሥልት ያጌጠ፥ የግምባቸው አናት የቤተ ክርስቲያን ያህል የተለፋበት ነው። ሥራውን የመሩት መሐንዲስ ፍራንስ አንድሬያስ ማየር ነበሩ። ሕንፃዎቹ ጭቃ ውስጥ በተተከሉ አያሌ ግንዶች ላይ ተመሥርተዋል። እያንዳንዱ መጋዘን አንድ ፊቱ ወደ ውሃ፥ ሌላው ፊቱ ወደ መንገድ ነው። ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባ ከሥሩ ቆሞ፥ በጣሪያው ጫፍ የተገጠመው ዕቃ መሳቢያ ቡናውን፥ ሻዩን፥ ካካውውን፥ ቅመማ ቅመሙን እየሳበ በየፎቁ ያስገባል፤ በወዲያኛው በኩል ደግሞ ለጋሪ ይወርዳል። ወፍራሙ የሸክላ ግድግዳ ሙቀቱንም ብርዱንም ስለሚመክት ዕቃው ሳይበላሽ ይቆያል። ጥቅምና ውበት በአንድ ግድግዳ ላይ እንዲህ ተስማምተው የሚገኙበት የኢንዱስትሪ ሕንፃ በዓለም ላይ ብዙ የለም።

ተራኪው ይህን ሁሉ በሚገባ ይናገራል። የተመረቀበትንም ቀን ይጠቅሳል፤ ኦክቶበር 29 ቀን 1888 ነው፤ መደምደሚያውን ድንጋይ ያኖረው ካይዘር ቪልሄልም 2ኛ ነበረ። የጉዞው ጊዜ አጭር ነውና፥ ከዚያ በፊት በዚያው መሬት ላይ ምን እንደ ነበረ ለመናገር አይበቃውም።

የጀርመን ግዛቶች በአንድ መንግሥት ሥር ከተጠቃለሉ በኋላ ሐምቡርግ ከጉምሩኩ አጥር ውጭ እንደ ባዕድ አገር ቆይታ ነበር። ቢስማርክ ግን ይህ እንዲቀጥል አልፈቀደም። በ1881 በተደረገው ስምምነት ከተማይቱ በጉምሩኩ ኅብረት ውስጥ እንድትገባ፥ በምትኩም አንድ የተከለለ ነፃ ወደብ እንዲኖራት፥ መንግሥትም ለሥራው 40 ሚሊዮን ማርክ እንዲከፍል ተወሰነ። በነፃው ወደብ ክልል ውስጥ ዕቃ ያለ ቀረጥ ይቀመጣል፤ ሰው ግን አይኖርም። ለዚህ ክልል የተመረጡት ኬርቪደርና ቫንድራም የተባሉት የወንዝ ደሴቶች ደግሞ ሰው የሞላባቸው ነበሩ። በቫንድራም ነጋዴዎች በሠሯቸው ያማሩ ጥንታዊ ቤቶች፥ በኬርቪደር ደግሞ የእጅ ባለሙያዎችና የወደብ ሠራተኞች በተጠጋጉ ቤቶች ይኖሩ ነበር። ከ1883 ጀምሮ ከ1,000 በላይ ቤቶች ፈረሱ። ወደ 20,000 የሚጠጋ ሰው ከሰፈሩ ተነሣ።

ነጋዴው በካሣው ሌላ ቤት ሠራ፤ በኪራይ የሚኖረው ሠራተኛ ግን ቤት የሚሰጠው አላገኘም። ከፊሉ ሐመርብሩክና ባርምቤክ ወደሚባሉት ሩቅ ሰፈሮች ሄደ። የወደብ ሥራ በየማለዳው የሚገኝ የቀን ሥራ በመሆኑ ከውሃው መራቅ ያልቻለው ደግሞ፥ በከተማው መካከል ወደ ነበሩት ስርጥ ለስርጥ ወደ ተያያዙት ድሃ ሰፈሮች ገብቶ ተጨናነቀ። «ኬርቪደር» የሚለው ስም በቋንቋቸው «ተመለስ» ማለት መሆኑን ተራኪው ለሣቅ ያህል አንዳንድ ጊዜ ያነሣዋል።

ወረርሽኙ የመጣው በዚህ መጨናነቅ ላይ ነው። ወደቡ በተመረቀ በአራተኛው ዓመት፥ በ1892 በነሐሴ ወር፥ ኮሌራ ገባ። የሐምቡርግ ነዋሪ ይጠጣ የነበረው ከኤልብ ተቀድቶ ሳይጣራ በቧንቧ የሚታደል ውሃ ነው። ሹማምንቱ ወረርሽኙን በይፋ ማሳወቁ መርከቦችን ያስቆማል፥ ንግዱንም ይጎዳል ብለው ቀናትን አሳለፉ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 8,605 ሰው ሞተ፤ ሞት የበረታውም በወደቡ አካባቢ ባሉት የድሆች ሰፈሮች ነበር። ሐቁን የሚያጋልጠው ጎረቤቷ አልቶና ናት። በአንድ መንገድ ብቻ ከሐምቡርግ የምትለየው አልቶና ውሃዋን የምትቀዳው ከዚያው ወንዝ፥ ያውም የሐምቡርግ እድፍ ከተቀላቀለበት በታች ነበር፤ ነገር ግን በአሸዋ ታጣራዋለች። በድንበሩ መንገድ ላይ ወዲህ ያለው ቤት ሬሳ ሲያወጣ ወዲያ ያለው ተረፈ። ሐምቡርግም ውሃ ማጣሪያዋን በ1893 ሥራ አስጀመረች። ለመጋዘኑ ሾጣጣ ጣሪያ ገንዘብና ጥበብ ያላነሳት ከተማ፥ ለአሸዋ ማጣሪያ እስከዚያ ድረስ ጊዜ አላገኘችም ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ፥ በኖቬምበር 1896፥ ወደቡ ቆመ። የቀን ሠራተኛው ይቀጠር የነበረው በመሸታ ቤት፥ በደላላ አማካይነት ነው፤ አንድ ቀን ሌት ተቀን ይሠራል፥ በማግሥቱ ሥራ ያጣል። ጥቂት ሠራተኞች የጀመሩት አድማ 16,000 ያህል ሰው እስኪይዝ ድረስ ሰፋ። አሠሪዎቹ ሽምግልናውን አልተቀበሉም። 11 ሳምንት ከቆየ በኋላ፥ በክረምቱ ብርድ፥ አድማው በየካቲት 1897 ያለ ውጤት አበቃ። ሆኖም ሴኔቱ የወደቡን የሥራ ሁኔታ የሚመረምር ኮሚሲዮን ለማቋቋም ተገደደ። ከዚያም በኋላ ከተማይቱ ድሃ ሰፈሮቹን በየተራ ማፍረስ ጀመረች፤ ጤናም ምክንያት ነበረ፥ የአድመኞቹም ጎጆ መሆናቸው ሳይታሰብ አልቀረም። ከፈረሱት በአንደኛው ስፍራ በ1920ዎቹ የንግድ ቢሮዎች ሕንፃዎች ተሠሩ። የመርከብ አፍንጫ የመሰለው ዝነኛው ቺሌሐውስ ከእነዚህ አንዱ ነው። ዩኔስኮ በ2015 በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው የመጋዘኖቹ ከተማና የቢሮዎቹ ሰፈር፥ ሁለቱም ሰው ተነሥቶ በለቀቀው መሬት ላይ የቆሙ ናቸው።

ከመጋዘኖቹ ታሪክ ውስጥ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የሚቀርበው የቡናው ነው። በነፃው ወደብ የቡና ንግድ ጎልቶ የቡና ቦርሳ ገበያ በ1887 ተመሠረተ። ጆንያውን እየወጉ ናሙና የሚያወጡት፥ የሚመዝኑትና የሚጠብቁት «ኳርቲርስሎይተ» የተባሉ የመጋዘን ባለሙያዎች ነበሩ፤ ስማቸውም በየበሩ ላይ ተጽፎ ይታያል። በየፎቁ ረጅም ጠረጴዛ ከብበው የተቀመጡ ሴቶች ደግሞ ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ አንድ በአንድ ይለቅሙ ነበር። የእነርሱ ስም በበር ላይ አልተጻፈም። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የቡና ማዘጋጃ መጋዘኖች ውስጥ ትውልደ ትውልድ ቡና የለቀሙትን ሴቶች ያየ ሰው ይህን ሥራ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ከይርጋ ጨፌ ወይም ከሐረር ተነሥቶ በጅቡቲ በኩል ለጀርመን የሚላክ ቡና በሁለቱም ጫፍ የጠበቀው የሴት ጣት ነበር።

ጀልባዋ ከቦዩ ወጥታ ወደ ሰፊው ወንዝ ስትመለስ ነገሩ ይፈጥናል። በባከንሐፈን በኩል ስታልፍ አዳዲስ የመኖሪያ ቤቶች ይታያሉ። በ1904 ወታደሮች በቬርማን ኩባንያ መርከቦች እየተሳፈሩ፥ የዛሬይቱ ናሚቢያ ወደ ሆነችው ቅኝ ግዛት የተላኩት ከዚህ ነው፤ በዚያም የሄሬሮና የናማ ሕዝቦች ተፈጁ። ከወንዙ ማዶ፥ በክላይነር ግራስብሩክ፥ «መጋዘን ጂ» የተባለ ከሸክላ የተሠራ ሌላ ሕንፃ ቆሟል። በ1944 በጋ ከአውሽቪትስ የመጡ ከ1,000 የሚበልጡ አይሁዳውያን ሴቶች በዚህ መጋዘን ውስጥ ታጉረው፥ በቦምብ የተመቱትን የነዳጅ ማጣሪያዎች ፍርስራሽ እንዲጠርጉ ተገደዱ። ሰው እንዳይኖርበት ተብሎ በታጠረው ወደብ ሰው እንዲኖር የተደረገው በዚህ ዓይነት ነበር። በጦርነቱ ከመጋዘኖቹ ከተማ ግማሽ ያህሉ ወደመ፤ አርክቴክት ቬርነር ካልሞርገን እስከ 1967 ድረስ ሲያድሱት ቆዩ።

ዕድሳቱ ባለቀ በዓመቱ፥ በ1968፥ «አሜሪካን ላንሰር» የተባለው የኮንቴይነር መርከብ ወደ ሐምቡርግ ገባ። ከዚያ ወዲህ ጆንያ የሚሸከም ትከሻም፥ በቦይ ዳር የቆመ መጋዘንም እምብዛም አላስፈለገም። ንግዱ ወደ ምዕራቡ ሰፊ ሜዳ ሲዛወር በመጋዘኖቹ የቀረው ምንጣፍ ሻጩ ነበር፤ ቀጥሎም ቤተ መዘክሩና ቢሮው ገቡ። የመጋዘኖቹ ከተማ በ2003 ከነፃው ወደብ ክልል ወጣ፤ ነፃው ወደብም በ2013 መጀመሪያ ተሻረ። ካልሞርገን ለካካውና ለሻይ በሠሩት ትልቅ መጋዘን አናት ላይ በ2017 የሙዚቃ አዳራሽ ተከፈተ። ዛሬ የተሳፋሪው ሁሉ ካሜራ የሚያነጣጥረው ወደዚያ ነው።

ያም ሆኖ «ይዋሻል» የተባለው ተራኪ ብቻውን አልቀረም። በተለመደው ጉዞ የሚታለፈውን ለመናገር የተነሡ የሐምቡርግ ሰዎች በዚያው ዓይነት ባርካሴ ሌላ ጉብኝት ያካሂዳሉ፤ ስለ ቅኝ ግዛቱ፥ ስለ እስረኞቹ፥ ስለ ሠራተኛው ትግል ይተርካሉ። የሚያሳዩት ያንኑ ግድግዳና ያንኑ ውሃ ነው። ሁለቱም ዓይነት ጀልባዎች የሚገዙት ግን ለኤልብ ነው። በየቀኑ ሁለት ጊዜ የባሕሩ ሙላት ወንዙን ከሦስት ሜትር በላይ ያነሣዋል፥ መልሶም ያወርደዋል። ሲጎድል ቦዮቹ ጭቃ ሆነው ጀልባ አያስገቡም፤ እጅግ ሲሞላም ጣሪያዋ ከድልድዮቹ ሥር አያልፍም። ሰዓቱ ያልገጠመለት እንግዳ መጋዘኖቹን ከሩቅ አይቶ ወደ መሳፈሪያው ይመለሳል፤ ተራኪውም ገመዱን ጥሎ የሚቀጥለውን ሰልፍ ይጠራል።