የሙኒክ 14 ዓመታት፦ ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ፣ ከሊኑክስ ወደ ዊንዶውስ

በማርች 2003 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የማይክሮሶፍት ዋና ሥራ አስፈጻሚ ስቲቭ ባልመር ስዊዘርላንድ ውስጥ የጀመሩትን የበረዶ ሸርተቴ ዕረፍት አቋርጠው ሙኒክ ገቡ። የመጡት የከተማዋን ከንቲባ ክርስቲያን ኡደን ለማግባባት ነበር። ጉዳዩ የከተማው አስተዳደር ሠራተኞች የሚገለገሉባቸው 14,000 ያህል ኮምፒውተሮች ናቸው። ከኩባንያው ገበያ አንፃር ይህ ኢምንት ነው። የሚያሰጋው ሌላ ነበር፤ በጀርመን በሕዝብ ብዛት ሦስተኛዋ የሆነችው ይህች ሀብታም ከተማ ዊንዶውስን ትታ ሊኑክስን ከያዘች፣ "እነሱ ከቻሉ እኛ ምን ያንሰናል?" የሚሉ ከተሞች ከኋላዋ መሰለፋቸው አይቀርም።

ማግባባቱ አልሠመረም። ማይክሮሶፍት ዋጋውን ደጋግሞ ቢቀንስም፣ የከተማው ምክር ቤት ሜይ 28 ቀን 2003 ለሊኑክስ ድምፁን ሰጠ። ዛሬም ሰዎች ስለዚህ ውሳኔ ሲያወሩ "ለነፃው ሲሉ ነው" ይላሉ። እንደዚያ አልነበረም። በዋጋ ብቻ ቢመዘን የማይክሮሶፍት ያሸንፍ ነበር፤ ምክር ቤቱ የመረጠው ውዱን ነው።

ለምን? መልሱ ያለው ከተማዋ ያኔ ትጠቀምበት በነበረው ዊንዶውስ ኤንቲ 4 ላይ ነው። ይህ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የወጣው በ1996 ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት ድጋፉን የሚያቆምበት ጊዜ ደርሶ ነበር። ድጋፍ ቆመ ማለት የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍነው የለም ማለት ነው። የሕዝብ መዝገብ የያዘ መሥሪያ ቤት እንዲህ ባለ ኮምፒውተር ላይ ሊቀመጥ አይችልም። ስለዚህ ማሽኖቹ ምንም ሳይሆኑ፣ ሠራተኛውም ሳያማርር፣ ከተማዋ ባልመረጠችው ቀን ያላቀደችውን ገንዘብ እንድታወጣ ተገደደች። የምክር ቤቱ አባላት ያነሡት ጥያቄ ይህ ነበር፤ የእኛን ዕቃ መቼ መለወጥ እንዳለብን የሚወስነው ሻጩ የሚሆነው እስከ መቼ ነው? እኔ በበኩሌ ጥያቄው ያኔም ትክክል ነበር፣ ዛሬም ትክክል ነው እላለሁ።

ሊኑክስ በወቅቱ 12 ዓመት ያልሞላው ነበር። የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪው ሊነስ ቶርቫልድስ ከርነሉን (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት) ለዓለም የለቀቀው በ1991 ነው፤ ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 ከጀመሩት የግኑ ነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ሥራዎች ጋር ተዳብሎ ሙሉ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሆነ። በ2003 በሰርቨር ላይ ስሙን ተክሏል፤ ጸሐፊና ሒሳብ ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ ግን እንግዳ ነበር። ሙኒክ በዚህ መጠን ስትገባበት የምትከተለው ፈለግ እምብዛም አልነበረም። ሥራውም ወዲያው አልተጀመረም። በ2004 ስለ ሶፍትዌር ፓተንት በአውሮፓ በተነሣው ክርክር ሳቢያ ጨረታው ለጊዜው ቆመ፤ የመጀመሪያዎቹ ኮምፒውተሮች ወደ አዲሱ ሥርዓት የተዛወሩት በ2006 ነው። ፕሮጀክቱ ሊሙክስ ተባለ።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንግባ። ሊኑክስን መጫን ቀላሉ ነው፤ ሙኒክን ዓመታት ያስቆጠራት ደብዳቤ ነው።

አንድ የከተማው ሠራተኛ ለነዋሪ ደብዳቤ ይጽፋል እንበል። ከላይ የመምሪያው ስምና አርማ አለ፤ በጎን የጸሐፊው ስም፣ የቢሮ ቁጥሩ፣ ስልኩ። ከታች በተራ ቁጥር የሰፈረ ትእዛዝ አለ፤ ዋናው ለነዋሪው ይላክ፣ ግልባጭ ለእገሌ መምሪያ፣ አንድ ቅጂ ከመዝገብ ይያያዝ። ነዋሪው እጅ የሚደርሰው ወረቀት ላይ ከውስጥ ትእዛዙ የሚታየው ሌላ ነው፣ መዝገብ ቤት የሚቀመጠው ላይ የሚታየው ሌላ። በእኛ አገር መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው "ግልባጭ" የምትለዋ ቃል ስንት ሥራ እንደምትሸከም ያውቃል። ሙኒክ ውስጥ ይህ ሁሉ ለዓመታት የተሠራው በማይክሮሶፍት ዎርድ ማክሮ (ተደጋጋሚ ሥራን በራሱ በሚያከናውን ትንሽ ፕሮግራም) ነበር። እያንዳንዱ መምሪያ የራሱ የኮምፒውተር ክፍል ነበረው፤ እያንዳንዱ ክፍል በራሱ መንገድ ቅጽ አዘጋጅቷል፤ ቅጹን የሠራው ሰው ብዙ ጊዜ ጡረታ ወጥቷል ወይም መሥሪያ ቤት ቀይሯል። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ቅጾች ተገኙ። ምን እንደሚሠሩ በጽሑፍ ያሰፈረ ሰው እምብዛም የለም። የማይክሮሶፍት ኦፊስ ነፃ አማራጭ ወደሆነው ኦፕን ኦፊስ ሲመጣ ማክሮዎቹ አይሠሩም።

ከተማዋ ለዚህ ያገኘችው መፍትሔ የሚደነቅ ነው። የራሷ ባለሙያዎች ዎልሙክስ የተባለ ተጨማሪ ፕሮግራም ጻፉ። የሠራተኛውን ስምና አድራሻ ከማእከላዊ ማውጫ ያመጣል፣ የደብዳቤውን ራስጌ በራሱ ይሞላል፣ ዋናውንና ግልባጮቹን ለየተቀባዩ ለይቶ ያትማል። በ2008 ሌላ ከተማም እንዲጠቀምበት በነፃ ፈቃድ ለቀቁት። ነገር ግን ልብ እንበል፤ ዎልሙክስን የጻፉት ሰዎች ያደረጉት ነገር ሊኑክስ ያመጣው ሥራ አይደለም። የተዝረከረኩ ቅጾችን መሰብሰብ፣ ተደጋጋሚውን መጣል፣ የቀረውን አንድ ማድረግ ሳይሠራ የኖረ የቤት ሥራ ነበር። የኦፐሬቲንግ ሲስተም ለውጡ ገለጠው እንጂ አልፈጠረውም። እንዲያም ሆኖ መዘግየቱ ሁሉ በሊኑክስ ላይ ተላከከ።

ዝውውሩ በ2013 ተጠናቀቀ። ከ14,000 የሚበልጡ ኮምፒውተሮች በሊሙክስ ይሠሩ ነበር፤ ለአንዳንድ ልዩ ፕሮግራሞች ሲባል በዊንዶውስ የቀሩም ነበሩ። ስለ ገንዘቡ ብዙ ተብሏል። ከተማዋ በ2012 ከ10 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ማትረፏን አሳወቀች። በማግስቱ ዓመት ማይክሮሶፍት ለኮምፒውተር ኩባንያው ኤችፒ ከፍሎ ያሠራው ጥናት በተቃራኒው ሊሙክስ ከ60 ሚሊዮን ዩሮ በላይ እንደፈጀ ገለጸ፤ ከተማዋ ስሌቱን አልተቀበለችውም። ሻጩ ራሱ ያሠራውን ጥናት እንደ ገለልተኛ ዳኛ የሚያይ ያለ አይመስለኝም። የከተማዋ ሒሳብም ቢሆን የራሷን ውሳኔ ለመደገፍ የተሠራ መሆኑ መረሳት የለበትም።

በ2014 ከንቲባ ኡደ ከ20 ዓመት በላይ የያዙትን ወንበር ለዲተር ራይተር አስረከቡ። አዲሱ ከንቲባ ከመጀመሪያው ለሊሙክስ ፍቅር አልነበራቸውም። ካቀረቡት ቅሬታ አንዱ በሞባይል ስልካቸው የመሥሪያ ቤቱን ኢሜይል ለማግኘት ሳምንታት መጠበቃቸው ነው። ኢሜይልን ከስልክ ጋር የሚያገናኘው ሰርቨሩ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ያለው ኮምፒውተር ሊኑክስ ይሁን ዊንዶውስ በዚያ ውስጥ ድርሻ የለውም። ግን ለብዙ ሠራተኛ "ኮምፒውተሩ" አንድ ነገር ነው፤ ኢሜይል ሲዘገይ፣ ማተሚያ ሲበላሽ፣ ከውጭ የመጣ የዎርድ ፋይል ሠንጠረዡ ሲፈርስ፣ ተጠያቂው ያ በቅርቡ የተለወጠው ነገር ይሆናል። የፋይሉ ቅሬታ እውነተኛ ነበር፤ ከተማዋ የምትጻጻፋቸው አብዛኞቹ ድርጅቶች በዎርድና በኤክሴል ስለሚሠሩ፣ ሠራተኛው በየቀኑ ከአለመጣጣሙ ጋር ይታገል ነበር። ይህን ማቃለል ተገቢ አይደለም።

በ2016 አክሰንቸር የተባለው አማካሪ ድርጅት የከተማዋን የኮምፒውተር አሠራር መርምሮ ሲያቀርብ፣ ካገኛቸው ችግሮች አብዛኞቹ የአደረጃጀት ነበሩ፦ ማን ለምን እንደሚወስን ያልለየለት መዋቅር፣ እስኪሰለች የሚዘገይ የማሻሻያ ሥራ። ያ ሪፖርት የተነበበው ግን ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ እንደ ምክንያት ነው። በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት የጀርመን ዋና መሥሪያ ቤቱን ከከተማዋ ዳርቻ ወደ ሙኒክ ሽዋቢንግ ሰፈር አዛወረ። መዛወሩንና ወደ ዊንዶውስ መመለሱን አያይዘው የሚተቹ ብዙ ናቸው፤ ማስረጃ ሳልይዝ እኔ አላያይዘውም። በኖቬምበር 2017 ምክር ቤቱ እስከ 2020 ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነ። ለዊንዶውሱ ብቻ ወደ 50 ሚሊዮን ዩሮ ተያዘ።

እዚህ ላይ ሐሳቤን በግልጽ ላስቀምጥ። ሙኒክ በሊኑክስ አልተሸነፈችም። መዋቅሯን አስተካክላ ሳትጨርስ ኦፐሬቲንግ ሲስተሟን ለወጠች፤ ከዚያም መዋቅሯን አስተካክላ ሳትጨርስ መልሳ ለመለወጥ ወሰነች። ሁለተኛው ለውጥ ከመጀመሪያው የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ያለፈውን ዐሥር ዓመት ልፋት ጥሎ ያንኑ የቤት ሥራ እንደገና ይጀምራል።

በፈረንሳይ የሆነውን ስናይ ይህ ይበልጥ ይገባናል። የአገሪቱ ዣንደርመሪ (ወታደራዊ ፖሊስ) በ2005 የጀመረው ከኦፐሬቲንግ ሲስተም አይደለም። በዊንዶውስ ላይ እንዳለ ማይክሮሶፍት ኦፊስን በኦፕን ኦፊስ ተካ። በ2006 የድረ ገጽ ማሰሻው ፋየርፎክስና የኢሜይል ፕሮግራሙ ተንደርበርድ ተከተሉ። ሠራተኛው በእነዚህ ፕሮግራሞች እጁን ካፍታታ በኋላ፣ በ2008 ከታች ያለው ዊንዶውስ ኡቡንቱ በተባለው የሊኑክስ ዓይነት መተካት ጀመረ። ያን ጊዜ ለተጠቃሚው የተለወጠው የስክሪኑ መልክ ብቻ ነው፤ ፋይሎቹ እዚያው ናቸው፣ ፕሮግራሞቹም ያው የለመዳቸው። በ2013 ከ35,000 የሚበልጡ ኮምፒውተሮች በኡቡንቱ ይሠሩ ነበር፤ ቁጥሩ ከዚያም ወዲህ እየጨመረ ሄደ። ወታደራዊ ዲሲፕሊን ረድቷቸዋል የሚል ይኖራል። ረድቷቸዋል፤ አንድ የዕዝ ሰንሰለት መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ግን ቅደም ተከተሉ ማንም ሊወስደው የሚችል ነው። በ2024 ወደ 30,000 ኮምፒውተሮችን ለመለወጥ የወሰነው የጀርመኑ ሽሌስቪግ ሆልሽታይን ክልል ይህንኑ መንገድ ይዟል፦ መጀመሪያ ከኦፕን ኦፊስ የተገኘው ሊብረ ኦፊስ፣ ሊኑክስ በኋላ።

ጥያቄው አሁን በየቤቱ መጥቷል። ኦክቶበር 14 ቀን 2025 የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ አበቃ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕና አዲስ ትውልድ ፕሮሰሰር ይጠይቃል፤ ያለ እክል የሚሠሩ በርካታ ኮምፒውተሮች ይህን አያሟሉም። ኤንቲ 4 ሙኒክ ላይ ያመጣው ጣጣ ይኸው ነው፤ ዕቃው ሳያረጅ ቀኑ ደረሰ።

አዲስ አበባ ላይ ክርክሩ በገንዘብ አይጀመርም። ኮምፒውተሩን ፎርማት የሚያደርግልን ልጅ ዊንዶውሱን ከፍላሽ ሲጭን የፈቃድ ዋጋ የሚጠይቅ እምብዛም የለም፤ ስለዚህ "ሊኑክስ ነፃ ነው" የሚለው ማባበያ እኛ ዘንድ ጉልበት የለውም። የሚይዘን ሌላ ነው። የሒሳብ ባለሙያው በየማሠልጠኛው የተማረው ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ፕሮግራም ነው፤ እሱ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፊደላችን አለ።

ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን መለያ ቁጥር ከሚሰጠው ከዩኒኮድ በፊት አማርኛ በኮምፒውተር የተጻፈው በብልሃት ነው። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝና መሰሎቻቸው የላቲን ፊደላት በሚቀመጡበት ቦታ የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ያስቀምጡ ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲን ፊደል ነው፤ "ሀ" ብሎ የሚያሳየን ፎንቱ ነው። ፎንቱ በሌለበት ማሽን ፋይሉ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ውጥንቅጥ ይሆናል። ግዕዝ ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 በ3.0 እትም ነው፤ ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንትና የአማርኛ መጻፊያ ይዞ የመጣው በ2007። እነዚያ ፕሮግራሞች ባይኖሩ ኖሮ በ1990ዎቹ አማርኛ በጽሕፈት መኪና ላይ ይቀር ነበርና የሠሩልን ባለሙያዎች ባለውለታዎቻችን ናቸው። ግን በዚያ ዘመን ፎንት የተጻፈ ቃለ ጉባኤ፣ ውል፣ የመጽሐፍ ረቂቅ ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱና በየማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ውስጥ አለ። የሙኒክ ማክሮዎች ለሙኒክ የሆኑትን፣ እነዚህ ፋይሎች ለእኛ ናቸው።

ሊኑክስ በራሱ ለአማርኛ እንግዳ አይደለም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮጵክና አቢሲኒካ የመሳሰሉ ፎንቶች በነፃ ይገኙለታል፤ የአማርኛ መጻፊያም አለው። ጣት ግን ልማድ አለው፤ በፓወር ግዕዝ ለዓመታት የጻፈች ጸሐፊ ሐምሱን ወይም ሣድሱን የምታገኝበት ቁልፍ ሲቀየርባት ፍጥነቷ ይወርዳል። ለዚህ ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል፤ "ትለምደዋለች" ብሎ ማለፍ አይበቃም።

ስለዚህ መለወጥ የሚያስብ መሥሪያ ቤት ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ለጊዜው ይተወው። በዊንዶውሱ ላይ ሊብረ ኦፊስን ይጫንና ሠራተኛው ይሞክረው። ፒችትሪ የሚሠራባቸውን ኮምፒውተሮች ለይቶ ባሉበት ያቆያቸው። የቆዩትን ፋይሎች ደግሞ አሁኑኑ ይፈትሽ። መፈተሻው ቀላል ነው፤ ፋይሉን አሮጌው ፎንት ወደሌለበት ስልክ ልኮ መክፈት። አማርኛው ከተነበበ ዩኒኮድ ነው። የላቲን ፊደል ውጥንቅጥ ከመጣ፣ ያ ሰነድ አሮጌው ፎንት ያለበት ኮምፒውተር ሳይበላሽ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት፤ የተለወጠውንም ዋናውን ሰነድ የሚያውቅ ሰው ከዳር እስከ ዳር ያንብበው፤ በቅየራ ጊዜ ዲቃላ ፊደላትና የግዕዝ ቁጥሮች መሳሳታቸው የተለመደ ነው።