የቤተሰብ ጋዜጣ ለተተኪ ሲተላለፍ፦ የስቶርም ሌክ ከተማ ተሞክሮ

በአሜሪካ አዮዋ ግዛት የምትገኘው ስቶርም ሌክ በበቆሎና በአኩሪ አተር እርሻ እንዲሁም በሥጋ ማቀነባበሪያ ፋብሪካዎች የምትተዳደር አነስተኛ ከተማ ናት። ‹ስቶርም ሌክ ታይምስ› የተሰኘውን ጋዜጣ ጆን ከለን እ.ኤ.አ. በ1990 መሠረቱ፤ ወንድማቸው አርት ዋና አዘጋጅ ሆኑ። የአርት ባለቤትና ልጅም በጋዜጣው ሠርተዋል።

ሥርጭቱ 3 ሺህ ቅጂ ገደማ ቢሆንም፣ ጋዜጣው እ.ኤ.አ. በ2017 በርዕሰ አንቀጽ ዘርፍ የፑሊትዘር ሽልማትን አግኝቷል። ከእርሻ ማዳበሪያ የሚመጣ ናይትሬት ወንዝ በክሏል በሚል አውራጃዎች ሲከሰሱ፣ የጠበቃ ወጪያቸውን በስውር የሚሸፍነው ማን እንደሆነ አጥብቆ በመጠየቁ ነው።

እንዲህ ያለ ጋዜጣ ተተኪ ሲያጣ የሚጎዳው ባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ የምክር ቤት ስብሰባና የመንግሥት በጀት የሚከታተል ይጠፋል። አሜሪካ ከ2005 ወዲህ ከጋዜጦቿ ከሲሶ በላይ የሚሆኑትን አጥታለች።

የርክክብ ዕቅድ ሦስት ጥያቄዎችን ለይቶ ይመልሳል፦ ንብረቱ የማን ይሆናል? የዝግጅት ክፍሉን ማን ይመራል? ጡረታ የሚወጣው ባለቤት በምን ይተዳደራል? ጥሩ ጸሐፊ የሆነ ልጅ ሒሳብ ላይችል ይችላል፤ በሥራው የሌሉ ወንድምና እህቶችም ድርሻ ይጠይቃሉ። ሦስቱ ሳይለዩ ከቀሩ ወራሾች ድርሻቸውን በገንዘብ ለማግኘት ድርጅቱን ለመሸጥ ይገደዳሉ።

ልጅ የማይረከብ ከሆነ ሌሎች መንገዶች አሉ። ለሠራተኞች በረጅም ጊዜ ክፍያ መሸጥ አንዱ ነው። ለትልቅ አሳታሚ መሸጥ ፈጣን ገንዘብ ቢያስገኝም፣ ገዢው ወጪ ለመቀነስ የአካባቢውን ዘጋቢዎች ሊያሰናብት ይችላል። ሦስተኛው ጋዜጣውን ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ማድረግ ነው፤ ‹ሶልት ሌክ ትሪቢውን› በ2019 ይህን አድርጓል። ልገሳ ለመቀበል ያመቻል፤ ሆኖም የአሜሪካ የግብር ሕግ እንዲህ ያለ ድርጅት የምርጫ ዕጩዎችን እንዳይደግፍ ይከለክላል።

የትኛውም መንገድ ቢመረጥ ዝግጅቱ ባለቤቱ በሥራ ላይ ሳለ መጀመር አለበት። የደንበኞች መዝገብ፣ የማስታወቂያ ውሎች፣ ዕዳና የቆዩ ዕትሞች በጽሑፍ ይለዩ፤ የድርጅቱን ዋጋ ከቤተሰቡ ውጪ የሆነ ባለሙያ ይገምት፤ ተተኪውም ከባለቤቱ ጎን እየሠራ አንባቢውንና አስተዋዋቂውን ይወቅ። ማተሚያ በገንዘብ ይተካል፤ የከተማው ሕዝብ በጋዜጣው ላይ ያለው እምነት ግን በርክክብ ሰነድ አይተላለፍም፤ ተተኪው ራሱ ሊያተርፈው ይገባል።