ከጣና እስከ ንጋት፦ የሐይቅ ዳር ዓሣ ቤቶቻችን

ሐምሌ 2012 ዓ.ም. የታላቁ ሕዳሴ ግድብ የመጀመሪያውን ውሃ ሲይዝ የአገሩ ወሬ ሁሉ ስለ መብራት ነበር። ዓሣን ያነሳ ጥቂት ሰው ነው። ዛሬ ግን በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የጉባ ምድር ላይ በተኛው ንጋት ሐይቅ ወጣቶች መረብ ይጥላሉ፤ የያዙትንም ለገበያ ያቀርባሉ። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ሐይቅ ፈጥሯል። እንዲህ ባለ ውሃ ዳር ዓሣ ቤት መከፈቱ አይቀርም። ስለዚህ በዚያው በዓባይ ራስ ላይ፣ በጣና ዳር፣ ዓሣ ቤቶች ምን ታሪክ እንዳላቸው አሁኑኑ ማወቅ ይጠቅመናል።

ባሕር የሌላት አገራችን የመዝናኛ ዳርቻዎቿ ሐይቆቿ ናቸው። የሐይቅ ዳር ዓሣ ቤት ደግሞ ወግ አያበዛም። ደንበኛው ባንኮኒው ጋ ቀርቦ ዓሣውን ራሱ ይመርጣል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ይከፍላል። ጠባሹ ጎንና ጎኑን ሰንጠቅ ሰንጠቅ አድርጎ፣ ጨው ነስንሶ፣ የፈላ ዘይት ውስጥ ይለቀዋል። ሎሚ፣ አዋዜ ወይም ሚጥሚጣ፣ ዳቦ ወይም እንጀራ ይቀርባል፤ ከዚያ በኋላ ሥራው የጣት ነው። ጎብኚውም፣ ሾፌሩም፣ ተማሪውም አንድ ዓይነት ምግብ ይበላሉ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ደግሞ ወረፋው ይረዝማል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ግን ዛሬም አልተዘጋም።

በጣና የዚህ ገበታ ባለውለታዎች ነገደ ወይጦዎች ናቸው። ደንገል አጭደው፣ አድርቀውና አስረው ታንኳ ይሠራሉ። ደንገል ውሃ ስለሚጠጣ ታንኳው ብዙ አይቆይም፤ ቶሎ ቶሎ በአዲስ መተካት አለበት። በዚያች ታንኳ ከዳርቻው ብዙ ሳይርቁ ዓሣ ሲያሰግሩ ዘመናት አልፈዋል። ጉማሬ ይበላሉ ተብለው ጎረቤቶቻቸው አብረዋቸው ማዕድ ለመቁረስ ይጸየፉ ነበር። ከእነርሱ እጅ የወጣውን ሙያ ተቀብሎ ሰዎቹን መግፋት ትልቅ በደል ነው፤ የባሕር ዳር ታሪክ ሲጻፍም ስማቸው በመጀመሪያው ገጽ ላይ መስፈር አለበት።

ከተማዋ እንደ ከተማ ማበብ የጀመረችው በ1950ዎቹ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953፣ ፖሊቴክኒኩ በ1955፣ የጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። ደሞዝተኛና ተማሪ ያለበት ከተማ ከቤት ውጭ የሚበላ ሰው ያፈራል፤ ወደ ደሴት ገዳማቱ በጀልባ የሚሻገረው ጎብኚም ሲመለስ ይርበዋል። ሆኖም በደንገል ታንኳ የሚመጣው ዓሣ ለዚህ ሁሉ አፍ አይበቃም ነበር።

ለውጡ የመጣው በ1978 ዓ.ም. ነው። ከኔዘርላንድስ በመጣ ድጋፍ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ጣና ላይ ገባ። ታንኳ የማይደርስበት ጥልቅ ውሃና ሩቅ የወንዝ አፍ ሁሉ ተከፈተ። ገበያው ሰፋ፣ ለብዙ ቤተሰብም እንጀራ ሆነ። ይህ በጎ ሥራ ነበር፤ ችግሩ መረቡ የሚጣልበት ቦታና ወቅት ነው።

ጣና ውስጥ ባሕር ዳሮች ነጭ ዓሣ የሚሉት ወገን አለ። ተመራማሪዎች 15 ያህል ዝርያ ለይተውለታል፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ከጣና በቀር የትም አይገኙም። ክረምት ሲገባ ብዙዎቹ እንቁላላቸውን ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ። ከመውጣታቸው በፊት ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ አስጋሪውም ይህን ያውቃል። እዚያ የተዘረጋ መረብ የሚያነሣው የሚመጡትን ዓመታት ዓሣ ጭምር ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ መካከል ባለው አሥር ዓመት ውስጥ የነጭ ዓሣው መጠን 75 በመቶ ያህል ማሽቆልቆሉን የዓሣ ተመራማሪዎች መዝግበዋል። በኋላ ደግሞ ትንሽ ትልቁን የሚጠርገው የሞኖፊላመንት መረብ መጣ፣ እምቦጭ አረምም ተጨመረበት። ገበታው ላይ ዛሬም ቀረሶና አምባዛ አይጠፋም፤ ነጭ ዓሣው ግን እንደ ድሮው አይደለም።

ከጣና ውጭ ደግሞ በ1952 ዓ.ም. የተቆረቆረችው ሐዋሳ የሐይቅ ዳር የዓሣ ገበያን ወደ ትርኢት ቀይራዋለች። አሞራ ገደል ማለዳ ጀልባ ሲጠጋ ልጆች ዓሣውን በቢላ ያጠራሉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎች ፍርፋሪውን ይጠብቃሉ፣ ጥብሱና ሾርባው እዚያው ይደርሳል። ውሃው ግን 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የቱሪስቱን ብዛት ያህል አይሰፋም።

ወደ ንጋት ስንመለስ፣ ዓሣው ራሱ ሌላ ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ያለውን ዓሣ ሽቅብ ስለማያሳልፍ እንደ ናይል ፐርች ያለው ትልቅ ዓሣ ጣና አልደረሰም፤ በታችኛው ዓባይ ግን አለ። የጉሙዝ ሕዝብም ከዓባይና ከገባሮቹ ዓሣ ማውጣትን ከጥንት ያውቃል። በጣና ወይጦዎች የተገፉበት ስሕተት እዚህ መደገም የለበትም፤ የአስጋሪዎች ማኅበር አባልም፣ የዓሣ ቤቱ ባለቤትም የአካባቢው ሰው ይሁን።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በእጃችን ነው። የክልሉ ግብርና ቢሮ መረቡ ከመብዛቱ በፊት ዓሣው የሚራባባቸውን የወንዝ አፎች ይለይ፣ በመራቢያ ወራትም ይዝጋ። አሶሳ ላይ ዓሣ ቤት ለመክፈት የምታስቡ ነጋዴዎችም ጨቅላውን ዓሣ አትግዙ፤ ገዢ ካጣ አስጋሪው አያወጣውም።