ከመመልከት ወደ ማዘዝ፦ የኔትወርክ ስዊች አስተዳደር ታሪክ

በአንድ መሥሪያ ቤት ያሉ ኮምፒውተሮችን በገመድ የሚያገናኘው ስዊች ታሪኩ ሲጻፍ በአብዛኛው የሚወደሰው ፍጥነቱ ቢሆንም፣ ባለሙያው መሣሪያውን ከሩቅ ሆኖ ያለ ስጋት የሚያዝበት መንገድ እስኪገኝ የወሰደው ጊዜና የጠየቀው ድካም የበለጠ ትኩረት የሚገባው ነው።

የስዊች ቀዳሚ የሆነው ብሪጅ በ1980ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲሠራ ማንም ሳያዋቅረው፣ ማለትም የአሠራር ትእዛዝ ሳይሰጠው፣ የኮምፒውተሮቹን አድራሻ ራሱ እየመዘገበ እንዲሠራ ታስቦ ነበር። ብሪጆች በቀለበት መልክ ሲገናኙ ግን ለሁሉም የተላከ መልእክት ያለማቋረጥ እየዞረና እየተባዛ ኔትወርኩን ያፍነው ነበር፤ ይህንን በ1985 የፈቱት በዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ይሠሩ የነበሩት ራዲያ ፐርልማን ሲሆኑ፣ ስፓኒንግ ትሪ በተባለው ስልታቸው መሣሪያዎቹ ከመካከላቸው አንዱን ሥር አድርገው መርጠው ትርፍ መስመሮችን ለመጠባበቂያ ይዘጋሉ። ያም ሆኖ የቅድሚያ ቁጥራቸው እኩል ከሆነ የሚመረጠው የሃርድዌር አድራሻው ዝቅተኛ የሆነው ስለሆነ፣ ደካማና አሮጌ መሣሪያ የኔትወርኩ ማእከል ሊሆን ይችላል፤ የሰው ትእዛዝ ያስፈለገውም ከዚህ የተነሣ ነው።

በ1990 ካልፓና የተባለው ኩባንያ ባለ ሰባት ፖርት የኢተርኔት ስዊች ለገበያ አቀረበ። በ1998 የወጣው 802.1ኪው የተባለው ደረጃ ደግሞ በአንድ ስዊች ላይ የተለያዩ ክፍሎችን፣ ለምሳሌ ሒሳብንና መዝገብ ቤትን፣ እስከ 4094 በሚደርሱ ቪላን በሚባሉ ምናባዊ ኔትወርኮች ለመለየት አስቻለ፤ በዚህም የባለሙያው የማዋቀር ሥራ እጅግ በዛ።

ኤስኤንኤምፒ የተባለው የኔትወርክ አስተዳደር ፕሮቶኮል ከ1988 ጀምሮ ነበረ፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ቅጂ የይለፍ ቃሉን ሳያመሰጥር በግልጽ ስለሚልክ ብዙዎች ለመመልከቻ ብቻ ተጠቀሙበት። የኢንተርኔት አርክቴክቸር ቦርድ በ2002 የጠራው ዐውደ ጥናትም ይህንኑ አረጋገጠ፤ ባለሙያዎቹ የሚያዋቅሩት በትእዛዝ መስመር፣ ማለትም ትእዛዙን በጽሑፍ እየተየቡ ነበር። በብዙ ስዊቾች ላይ የተተየበው ትእዛዝ ወዲያውኑ ሥራ ላይ የሚውል ሲሆን፣ ካልተቀመጠ ግን መሣሪያው ዳግም ሲነሣ ይጠፋል። ሩቅ ያለን ስዊች የሚያዋቅር ጠንቃቃ ባለሙያ ይህንን ጠባይ ለመከላከያ ተጠቅሞበታል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መሣሪያው ዳግም እንዲነሣ አስቀድሞ ያዝዛል፣ በስሕተት ራሱን ከመሣሪያው ከቆረጠ የቀድሞው ውቅር ይመለሳል፣ ከተሳካለት ደግሞ ዳግም የማስነሣቱን ትእዛዝ ይሰርዛል።

በታኅሣሥ 2006 የወጣው ኔትኮንፍ የተባለው የማዋቀሪያ ፕሮቶኮል ይህንን የባለሙያ ብልሃት በሥርዓት ደነገገው፤ አዲሱ ውቅር ለጊዜው ተግባራዊ ይሆንና ማረጋገጫ ካልተላከለት፣ ሌላ ጊዜ ካልተወሰነለት በቀር፣ በ600 ሰከንድ ውስጥ መሣሪያው ዳግም መነሣት ሳያስፈልገው ይሻራል። በደንቡ ውስጥ ግን ይህ ችሎታ አማራጭ እንጂ ግዴታ ስላልሆነ፣ ስዊች የሚገዛ መሥሪያ ቤት ከፖርት ብዛትና ከፍጥነት እኩል አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባ ነው።