ሥራ ለመፍጠር የሚነግዱ በጎ አድራጎት ድርጅቶች፦ የስቶን ማውንቴን አካባቢ ተሞክሮ

ከአትላንታ በስተምሥራቅ፣ ከስቶን ማውንቴን ጥቂት ማይሎች ርቃ የምትገኘው ክላርክስተን ለብዙ ስደተኞች የአሜሪካ ኑሮ መጀመሪያ ናት። የቤት ኪራይዋ ረከስ ያለ፣ ወደ አትላንታ የሚያደርስ የሕዝብ መጓጓዣም ያላት በመሆኑ፣ ባለፉት ዐሥርት ዓመታት ከቬትናም፣ ከቦስኒያ፣ ከሶማሊያ፣ ከኮንጎ፣ ከሶርያ፣ እንዲሁም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የመጡ ቤተሰቦች ሰፍረውባታል።

የፌዴራሉ መንግሥት የመጀመሪያ የአቀባበል ድጋፍ የታሰበው ለ90 ቀናት ነበር። ከዚያ በኋላ የቤት ኪራዩን መሸፈን የሚኖርበት ደመወዝ ነው። በአገሩ መምህር ወይም ነርስ የነበረ ሰው እንኳ አሠሪ ፊት ሲቀርብ መጀመሪያ የሚጠየቀው በአሜሪካ የት እንደሠራ ነው። በዚህም ምክንያት ብዙዎች ወደ ሰሜን ጆርጂያ የዶሮ ማቀነባበሪያ ፋብሪካዎች ያመራሉ፤ መንገዱ ረጅም፣ የሥራው ቦታ ቀዝቃዛ፣ እንግሊዝኛ ለመማር የሚተርፈው ጊዜም ጥቂት ነው።

ሬፉጅ ኮፊ የተባለው ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ሥራ የጀመረው ይህን ክፍተት በማየት ነው። ኪቲ መሪ በተባሉ የአካባቢው ነዋሪ መሥራችነት እ.ኤ.አ. በ2015 በአንዲት ቡና መሸጫ መኪና ተጀምሮ፣ ክላርክስተን ውስጥ ቀድሞ የመኪና አገልግሎት መስጫ በነበረ ሕንፃ ተደላድሏል። ሠልጣኞቹ ደመወዝ እየተከፈላቸው ይማራሉ። ከአቦል እስከ በረካ ቡና ማፍላት ለምታውቅ ሴት፣ ቡናው ራሱ አዲስ ትምህርት አይሆንም። አዲሱ ነገር የሥራ ሰዓት አያያዙ፣ የገንዘብ መቀበያ ማሽኑ፣ ደንበኛን በእንግሊዝኛ ማስተናገዱ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ለሚቀጥለው አሠሪ የሚመሰክርላት ሰው ታገኛለች።

ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። የሜቶዲስት ቄስ የነበሩት ኤድጋር ሄልምስ እ.ኤ.አ. በ1902 በቦስተን ከባለጸጎች ያገለገሉ ልብሶችና የቤት ዕቃዎች ሰብስበው፣ ድሆችና መጤዎች እየጠገኑ እንዲሸጡት አድርገዋል። ዛሬ ጉድዊል በሚል ስም የሚታወቀው ድርጅት የተወለደው ከዚያ ነው።

እንዲህ ያለ ድርጅት ግን እንደ ማንኛውም ነጋዴ ይከስራል። ሠራተኛው ሥራውን በለመደ ማግስት ወደ ሌላ ቦታ እንዲሄድ ይፈለጋል፤ ለተራ ቡና ቤት ኪሳራ የሆነው ለዚህኛው ስኬት ነው። ስለዚህ የሽያጭ ገቢ ብቻውን ወጪውን ሁሉ ይሸፍናል ብሎ መጠበቅ ያስቸግራል። ለሠርግ፣ ለስብሰባ ወይም ለቢሮ የሚሰጥ ቋሚ ትእዛዝ አልፎ አልፎ ከሚገዛ አንድ ስኒ ይበልጣል። የንግድ ቤት ያለው ኢትዮጵያዊ ደግሞ ሥልጠናውን የጨረሰ ሰው ቢቀጥር፣ ከገንዘብ ስጦታ የላቀ ድጋፍ ነው።

በአሜሪካ የግብር ሕግ ለቡና የተከፈለ ዋጋ እንደ ስጦታ አይቆጠርም። ያለ ልዋጭ የተለገሰ፣ ወይም ከዕቃው ዋጋ በላይ የተከፈለው ትርፍ ገንዘብ ግን ሕጉ በሚፈቅደው መጠን ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ሊቀነስ ይችላል። ለጋሹ ድርጅቱ በሀገር ውስጥ ገቢ መሥሪያ ቤት መዝገብ ውስጥ መኖሩን አስቀድሞ ያረጋግጥ። ቅጽ 990 የተባለው ዓመታዊ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ዓመታዊ ገቢያቸው በአብዛኛው ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ትንንሽ ድርጅቶች ግን አጭር ማስታወቂያ ብቻ ስለሚያስገቡ፣ እነርሱን በቀጥታ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጥያቄውም ስንት ሰው ሠለጠነ የሚል ብቻ ሳይሆን፣ ስንቱ ቋሚ ሥራ ያዘ፣ በምን ያህል ደመወዝ የሚል ይሁን።

እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የስደተኞች ቅበላ በፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ ሲታገድ፣ በአስፋሪ ድርጅቶች በኩል ይመጣ የነበረው የመንግሥት ገንዘብም ተናግቷል። ቀድመው የገቡት ቤተሰቦች ግን የቤት ኪራያቸውን በየወሩ መክፈል አለባቸው።